እማዬ ሴፍቲኔት ጨርሳ እንጀራ ትጋግራለች፤ ብድር ስትጠይቅ «ዋስ አምጪ» ተባለች። ቀጣዩ በር የቱ ነው?

የኮልፌዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ዝርዝሩን ካላወቃችሁት መልሱም «ወረዳ ሂጂና ጠይቂ» ከማለት አያልፍምና ታገሱኝ።

እማዬ በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ደሃው እየሠራ በሚከፈለው የመንግሥት ድጋፍ) ታቅፋ ሦስቱን ዓመት መንገድ ስትጠርግ፣ ችግኝ ስትኮተኩት ኖራ ጨርሳለች። ከክፍያዋ እየተቆረጠ የተቀመጠው ቁጠባና መጨረሻ ላይ የተሰጣት የመቋቋሚያ ብር ተደምሮ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የሊጥ በርሜሎችና የመጀመሪያውን ጤፍ ገዛችበት። ዛሬ ለሦስት ምግብ ቤትና ለሰፈሩ ሱቅ ታስረክባለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ነው የምትጋግረው፤ ያኔ መብራቱ ኃይል አለው። ገበያው አለ፣ የሌለው መንቀሳቀሻ ነው። ምግብ ቤቶቹ ሂሳብ የሚዘጉት በየአስራ አምስት ቀኑ ነው። እሷ ግን ጤፉን እጅ በእጅ ትከፍላለች፣ ያውም ኩንታል መግዣ ስለሌላት ከወፍጮ ቤት በኪሎ እያስመዘነች። በኪሎና በኩንታል መሃል ያለችው ልዩነት ትርፏን ሙልጭ አድርጋ ትወስዳታለች።

ብድር ልትጠይቅ የሄደችበት ተቋም (ስሙ ይቅር) ንግድ ፈቃድ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ከዚያ ደግሞ የደመወዝ ዋስ ወይም የቤት ካርታ አምጪ አላት። ካርታ ከየት ይምጣ፣ ኪራይ ቤት ነን። የምናውቀው ደመወዝተኛ አጎቴ ብቻ ነው፣ እሱም ለሥራ ባልደረባው ቀድሞ ፈርሟል። አከራያችን ለፈቃዱ የሚሆን ውል ሲጠየቁ «ግብር ታመጡብኛላችሁ» ብለው እምቢ አሉ።

ከሴፍቲኔት የወጣ ሰው ቀጥሎ የሚያንኳኳው የመንግሥት በር የቱ ነው? የግድ አምስት ስድስት ሆና መደራጀት አለባት? ያለ ዋስ የሚሰጥስ አለ?

---

ጡረተኛው

ልጄ፣ እናትሽን እግዜር ያበርታቸው። በወረዳ ደረጃ በዚሁ ሥራ ላይ ቆይቼ ነው የወጣሁት፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሴፍቲኔቱ ሲጀመር በ2009 ዓ.ም. 11 ከተሞች ብቻ ነበሩ፦ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ ሎጊያ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ። በጀቱ 450 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 300ው ከዓለም ባንክ፣ ቀሪው ከመንግሥት ነው። ዕቅዱ 604 ሺህ ሰው ነበር፣ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው አዲስ አበባ ናት። ከተጠቃሚው 84 በመቶው ጉልበት ያለው ሆኖ በአካባቢ ልማት ሥራ የሚሰማራ፣ 16 በመቶው ሥራ የማይችል ሆኖ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ እንዲሆን ነው የታሰበው። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ከተሞቹ ከ80 በላይ ሆኑ፣ የወጣቶች የሥራ ልምምድም ተጨመረበት።

ይህን የምዘረዝረው አንድ ነገር እንዲታይሽ ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ሰውን እስከ መቋቋሚያው ድረስ ለማድረስ ነው። ከመቋቋሚያው በኋላ ያለው መንገድ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ መዝገቡም ሌላ። እናትሽ በሴፍቲኔት ፋይል ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ የታወቁ ሰው ናቸው። ብድር ክፍሉ ዘንድ ሲደርሱ ግን ዛሬ ከመንገድ እንደገባ ሰው ነው የሚታዩት። ስለዚህ መጀመሪያ ከሴፍቲኔት ጽሕፈት ቤቱ ፕሮግራሙን አጠናቀው መውጣታቸውን፣ ምን ያህል እንደቆጠቡና የኑሮ ማሻሻያ ሥልጠናውን መውሰዳቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፉ። ደብዳቤው ዋስ አይሆንም፤ ግን ወረዳው ውስጥ ባለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ማዕከል በሚባለው ክፍል፣ ሲመዘገቡ ከተራ አመልካች ይለያቸዋል።

መደራጀትን በተመለከተ፣ «አምስት ካልሆናችሁ አንመዘግብም» የሚለው የጠረጴዛ ልማድ ነው። በ2003ቱ የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ ጥቃቅን የሚባለው ባለቤቱን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራ ነው፤ ካፒታሉ በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 100 ሺህ ብር፣ በአገልግሎት እስከ 50 ሺህ ብር ነበር። ከአምስት አይበልጥ ነው የሚለው፣ ከአምስት አይነስ አይደለም። በግል ባለቤትነት ኢንተርፕራይዝ ሆኖ መመዝገብ ይቻላል።

---

ግልጹን

ጋሼ ወረቀት ላይ ያለውን ነው የሚያወሩት። በእኛ ሰፈር ሴፍቲኔት ውስጥ የገባው የኮሚቴው ዘመድና ስብሰባ የማያመልጠው ሰው ነው። ባለ ሁለት ክፍል ቤት እያከራየች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ የምትጠርግ ሴት በዓይኔ አይቻለሁ። ብድሩም ያው ነው፣ የሚያውቅህ ካለ ታገኛለህ፣ ከሌለ «ነገ ተመለስ»። ልጅቷን ተስፋ አታሳዩአት።

---

የቀበሌ ቤት

@ግልጹን ያልከው የለም አልልም። ግን እኔ በመራጭ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ፣ ሌላውንም ስማ።

ምርጫው ሁለት እጅ አለው። መጀመሪያ ነዋሪው በየመንደሩ ተሰብስቦ ደሃ ነው የሚለውን ይለያል። ከዚያ መጠይቅ ይሞላል፦ ቤቱ ስንት ክፍል ነው፣ ጣሪያው ምንድን ነው፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ስንት ሰው ይሠራል። ያ በነጥብ ይሰላል። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቅሬታ ይሰማበታል።

ስብሰባውን ልንገርህ። ድንኳን ውስጥ ስም ይነበባል። የአንዲት ልብስ አጣቢ ስም ሲጠራ ከኋላ አንዱ «እሷማ ልጇ ቤሩት ናት» አለ። በቃ፣ ድንኳኑ በሙሉ ዞረባት። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ እንደላከች፣ ለደላላው የተበደሩትም ገና እንዳልተከፈለ ሴትየዋ ብትምልም የሚሰማት አልተገኘም። ስሟ ተሰረዘ። የተካት ሰውዬ ደግሞ ዝም ያለ፣ ማንም ምንም የማያውቅበት ነበር። ይኸውልህ፣ አድልዎ የምትለው አንዳንዱ ኮሚቴው የሠራው ሳይሆን ጎረቤት በጎረቤት ኪስ ላይ የፈረደው ነው። ሴትየዋ ቅሬታ ሰሚ ጋ በጽሑፍ አመልክታ በኋላ ተመለሰች። አፏ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ግን እንደወጣች ነበር የምትቀረው።

ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት የሚፈልግ ካለ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ በእጅ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ፣ ቅጂው ይኑራችሁ።

---

ግልጹን

@የቀበሌ ቤት የቤሩቷን ታሪክ አልተከራከርኩም። ስለ ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ግን መልስ አልሰጠሽኝም።

---

የቀበሌ ቤት

ቤቱ ያንተ ሰፈር ነው፣ አንተስ ተለጥፎ ሳለ ቅሬታ አስገባህ?

---

ብድር ክፍል

በአንድ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ብድር ባለሙያ ነኝ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

የኮልፌዋ፣ ነገሩን ከእኛ ወንበር እይው። እኛ ጋ የሚመጣው ተበዳሪ የሒሳብ መግለጫ የለውም፣ ካርታ የለውም፣ የመኪና ሊብሬ የለውም። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም ዋስ የምንጠይቀው። ደመወዝተኛው ዋስ ከሆነ፣ ተበዳሪው ሲያቆም መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ ቆርጦ ይልካል። ፋይሉ ላይ ያለው እርግጠኛ ነገር እሱ ብቻ ነው። አጎትሽ ሌላ ቦታ ከፈረሙ የቀረው ደመወዝ ለሁለተኛው ካልበቃ መሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫ አይጽፍላቸውም፤ እሳቸውን አታስቸግሪ።

ያለ ዋስ ወይም በቀላል ዋስ የሚገኙትን ልንገርሽ።

አንደኛው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው፣ ሰዉ «ሊዝ» የሚለው። አዲስ አበባ ላይ አዲስ ካፒታል አለ፣ አማራ ክልል ዋልያ፤ ኦሮሚያና ደቡብም የየራሳቸው ነበራቸው። ብር አይሰጡሽም፣ ማሽን ገዝተው ያከራዩሻል፤ ከፍለሽ ስትጨርሺ ያንቺ ይሆናል። እስከዚያ ማሽኑ የእነሱ ንብረት ስለሆነ የቤት ካርታ ፍለጋ አያስገባም። ልማት ባንክም ይህን ለአነስተኛና መካከለኛ ይሠራል፣ 20 በመቶ አንቺ፣ 80 በመቶ ባንኩ፤ የልማት ባንክ ግን ለእናትሽ ሥራ በጣም ትልቅ ነው። ደግሞም የእናትሽ ችግር ምጣድ ሳይሆን ጤፍ ነው። ሊዝ ጤፍ አይገዛም።

ሁለተኛው የቡድን ዋስትና ነው። ሦስት አራት ሴቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ይዘው እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ። አንድ ላይ ሥራ መክፈት አይደለም፤ ሥራው የየግል ነው፣ ዋስትናው የጋራ ነው። ከእሳቸው ጋር ሴፍቲኔት የጨረሱ፣ ቁጠባቸውን ያልነኩ ሴቶች ካሉ ከማንም በላይ ለዚህ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሚፈልጉት ብድር የተወሰነ እጅ ቀድመው መቆጠብ ይጠበቅባቸዋል።

ሦስተኛው በስልክ የሚገኘው ነው። ቴሌብር ከ2014 ጀምሮ ከባንክ ጋር ሆኖ ቁጠባና ብድር አለው፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ምቹ የሚለው ማስያዣ የማይጠይቅ ብድር አለው። መጠኑ ትንሽ፣ ጊዜው አጭር ነው። ግን ለአስራ አምስት ቀን ጤፍ የሚያስፈልገው ራሱ ትንሽና አጭር ብር አይደል? ስልኩ የሚያየው ምን ያህል ገንዘብ እንደገባበትና እንደወጣበት ነው። ምግብ ቤቶቹ በእጅ የሚከፍሏትን በስልኳ ወይም በሒሳቧ ይክፈሏት። ከጥቂት ወር በኋላ መረጃው ራሱ ይናገርላታል፣ እኛም ጋ ስትመጣ እሱን ነው የምናየው።

ማስረከቢያ ደብተርም ትያዝ። ቀን፣ ስንት እንጀራ፣ ማን ተቀበለ፣ ፊርማ። እኔ ቤት ለቤት ግምገማ ስሄድ አንድ የተጨማለቀ፣ ሊጥ የነካው ደብተር ካሳየችኝ ከአሥር ማኅተም ይበልጥብኛል።

---

የኮልፌዋ (ጠያቂ)

@ብድር ክፍል ደብተር አላት! ግን ፊርማ የለውም፣ እሷ ነች በልምዷ ምልክት የምታደርገው። ከነገ ጀምሮ አስፈርማታለሁ።

መደበኛ ባንክስ? አጎቴ «ንግድ ባንክ ሂዱ፣ መንግሥት ለሴቶች አዘጋጅቷል ተብሏል» ይላል።

---

ብድር ክፍል

ለሴቶች የነበረው በ2004 አካባቢ የጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ፕሮጀክት ነው። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ነበር የሚወርደው፣ ስለዚህ አሁንም ካለ መጠየቂያው እኛን መሰል ተቋም ነው። የሚመለከተው ግን ሥራ ላይ ያለችና ፈቃድ ያላት ሴት ነጋዴ ነው፤ እዚያም ፈቃዱ ይቀድማል።

መደበኛ ባንኮችን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፣ ከዚያ ወዲህ ገደቡን ከፍ አድርጎታል። ባንክ ሊሰጥ የሚችለው ሲጠብበት ማንን እንደሚያስቀድም አንቺው ገምቺ። ከክልሎቹ ትልልቅ ብድርና ቁጠባዎችም ፀደይ፣ ሲንቄና ኦሞ ባንክ ሆነዋል። ባንክ መሆናቸው ጥሩ ነው፣ ግን ድሮ ደሃው የሚገባበት በር እንዳይጠብ እሰጋለሁ። ይህ የግሌ አስተያየት ነው።

---

ብሎኬት

ስለ ቡድን ዋስትና አንድ ሰው መራራውንም ይናገር እንጂ።

እኛ ብሎኬት ለማምረት ተደራጅተን ነበር። ቁጥር ይሙላ ብለን ሁለት የማናውቃቸውን ልጆች ጨመርን። ብድሩ ወጣ፣ ማሽን ገዛን፣ ሼድ ተሰጠን፣ ሲሚንቶ ዋጋው ጣሪያ ነካ። አንዱ ልጅ ዱባይ ሄደ። ሌላው «ድርሻዬን ስጡኝ» ብሎ ወጣ። ቀሪዎቻችን የአምስት ሰው ዕዳ ለሦስት ከፈልን። ቁጠባችን በዕዳው ተያዘ፣ ከሌላ ቦታ ለመበደርም ስማችን ቆሸሸ። ያስደራጀን ባለሙያ በሪፖርቱ ላይ «5 ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው» ብሎ ጽፎ እሱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ።

እህቴ፣ እናትሽ ከማን ጋር እንደሚፈርሙ ይወቁ። ዕቁብ አብረው ጥለው ያላጭበረበሩ ሰዎች ከሆኑ ጥሩ። ወረዳው ያገናኛቸው ከሆነ ይቅርባቸው።

---

ጡረተኛው

@ብሎኬት ልክ ነህ ልጄ። በ2009 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲቋቋም 10 ቢሊዮን ብር ተመደበ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 34 ለሆነ። ብሩ በንግድ ባንክ በኩል ለክልሎች ብድር ተቋማት ወረደ። እኛ ወረዳ ላይ የምንጠየቀው «ስንት አደራጃችሁ?» ነበር፤ «ስንቱ ቆመ?» ያለኝ አለቃ አላስታውስም። ልጆቹ ለሥራው ሳይሆን ለብሩ ተሰባሰቡ። ብዙው ብር በየቦታው ሰጥሞ ቀረ፣ ተቋማቱም ከዚያ ወዲህ ዋስ ላይ ጠነከሩ። ዛሬ የኮልፌዋ እናት ዋስ የሚጠየቁት በከፊል በዚያ ጊዜ ዳፋ ነው።

---

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

ሰላም ወገኖች። እኛ ከዚህ ዋስ ልንሆን አንችልም? የአክስቴ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ፔይ ስታቤን (የደመወዝ ማረጋገጫዬን) ልላክለት አልኩት፣ ሳቀብኝ።

የመንግሥት ብድር ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ እዚህም ያለው ጣጣ ቀላል አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ታክሲና ኡበር የሚነዱት ጓደኞቼ ከኤስቢኤ (ከአሜሪካ መንግሥት የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት) ብር ወሰዱ። አንዱ ዓይነት ፒፒፒ ነበር፣ በደንቡ ካዋልከው የሚሰረዝ። ሌላው ኢአይዲኤል ነበር፣ የማይሰረዝ፦ 3.75 በመቶ ወለድ፣ 30 ዓመት፣ እስከ 25 ሺህ ዶላር ድረስ ያለ ማስያዣ፣ የመጀመሪያው 30 ወር ክፍያ የሌለው። ቅጹ እንግሊዝኛ ነው፣ የሞላላቸው ሌላ ሰው ነው፣ ብሩ ሳይለፋ ሒሳባቸው ውስጥ ገባ። ግማሾቹ ሁለቱን ቀላቅለው «መንግሥት የሰጠን ነው» ብለው ተቀመጡ። ሁለት ዓመት ተኩል ምንም ስላልተጠየቁ ረሱት። ከዚያ ዕዳው ወደ ትሬዠሪ (የአሜሪካ ግምጃ ቤት) ተላልፎ የታክስ ተመላሻቸው ላይ መጣባቸው። አንዱ ጓደኛዬ ከልጆቹ ጋር ሊያርፍበት የጠበቀውን ተመላሽ ሙሉውን ወሰዱበት፣ ከዚያ ነው ደብዳቤዎቹን ከመሳቢያ አውጥቶ ማንበብ የጀመረው።

እናንተ ጋ ሰውን ዋስ እየፈለገ ያስለቅሱታል፣ እዚህ ደግሞ ሳይጠይቁ ሰጥተው በኋላ ያስለቅሱታል።

---

ብድር ክፍል

@አሌክሳንድሪያ የውጭ ደመወዝ ዋስ አይሆንም፣ ከሱ ላይ ማስቆረጥ አንችልም። አንዳንድ ተቋም የሚቀበለው ገንዘብ በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ እሱን ማስያዝ ነው። ግን ለሁለት ኩንታል ጤፍ ያን ያህል ከምታስቀምጥ ጤፉን ግዛላቸውና እነሱ ለአንተ በየወሩ ይመልሱ። ከእኛ ወለድም ትገላግላቸዋለህ። (አለቃዬ ይህን እንዳያይ።)

---

ሕግ ነክ

የተነሳ ግን ያልተብራራ ነገር አለ። የሚንቀሳቀስ ንብረትን ማስያዝ በሕግ ከተፈቀደ ቆየ፣ አዋጅ 1147/2011 ነው። ማሽን፣ የሸቀጥ ክምችት፣ ከብት፣ ሌላው ቀርቶ ገና ያልተሰበሰበ የደንበኛ ሒሳብ ሁሉ ማስያዣ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ያለው ብሔራዊ ባንክ ነው። የእማማ ሁለት ምጣድና ምግብ ቤቶቹ ላይ ያለው የአስራ አምስት ቀን ሒሳብ በሕጉ ዓይን ንብረት ነው። ተቋሙ እሺ ይበል አይበል ሌላ ነገር ነው፣ ግን ጠይቁ። ከምግብ ቤቶቹ ጋር አንድ ገጽ የአቅርቦት ውል ይኑራቸው፤ ቃል ብቻ ከሆነ የሚመዘገብ ነገር የለም።

አከራዩን በተመለከተ። የኪራይ ገቢ ግብር ያለው ውሉ ስለተፈረመ አይደለም፣ ኪራይ ስለተቀበሉ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመትም እንዳያንስ ያዛል። ስለዚህ ሰውዬው «ታመጡብኛላችሁ» የሚሉት ግብር ቀድሞውኑ አለባቸው። ይህን ግን በክርክር አትጀምሩት። ውል የለንም ብላችሁ ብትከሷቸው ታሸንፉ ይሆናል፣ ቤቱን ግን ታጣላችሁ።

---

የኮልፌዋ (ጠያቂ)

@ሕግ ነክ አመሰግናለሁ። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታቸው ትንሽ ነው። የሚፈሩት ግብሩን ብቻ ሳይሆን ቆጣሪውንም ነው። ሁለቱ ምጣድ አንዴ ሲበራ የሳቸው ቤት መብራት ይደበዝዛል። «ንግድ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ስሪ ፌዝ አስገቡ ብላችሁ ግድግዳዬን ልታፈርሱ ነው» ይላሉ።

---

ወፍጮ ቤት

እህቴ እኔ ሳሪስ ወፍጮ ቤት አለኝ። ብዙ ወፍጮ ቤት ስሪ ፌዝ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ከጀርባው ባዶ ክፍል አለው። እኔ ጋ ሁለት ጋጋሪ ሴቶች ተከራይተው ይሠራሉ። ውል ለመፈረም የምፈራው ነገር የለም፣ ድሮም በደረሰኝ ነው የምሠራ። ጤፉንም ከእኔ ይወስዳሉ፣ በአስራ አምስት ቀን ይከፍሉኛል። እናትሽ በኪሎ የሚገዙበትን ወፍጮ ቤት ባለቤት እስኪ ጠይቁት። ደንበኛው እንዳትሄድበት ሲል ይስማማል። ምናልባት ብድሩም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

---

የቀበሌ ቤት

ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። ፈቃድ ቢወጣም የመኖሪያ ክፍል ውስጥ በሌሊት መጋገር ጎረቤት ያስከስሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድጋፍ ሲባል ሁላችንም ብር ብቻ እናያለን። የጤና መድን አውጥታችኋል? በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል የማይችለውን የድሃ ድሃ መዋጮ የሚሸፍንለት መንግሥት ነው፤ ከሴፍቲኔት የወጣች ሴት ግን መክፈል ከቻለች የራሷን ትከፍላለች። መዋጮው ከአንድ ቀን ሕክምና አይበልጥም። እጇ በእሳት ላይ ያለ ሰው አንድ ቀን ቢታመም የጤፉ ብር ነው መድኃኒት የሚገዛው። ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምሳ፣ ደብተርና ዩኒፎርሙ በነፃ ነው። ለልጇ ብላ ከምትከፍለው የግል ትምህርት ቤት ብታወጣው ያ ብር ራሱ ካፒታል ነው።

---

የደሴ ሰው

ይቅርታ ርዕሱን ላስቀይስ። አባቴ ከገጠር መጥቶ ከእኔ ጋር ነው፣ ዓይኑ ታውሯል። ገጠር ሴፍቲኔት ውስጥ ነበር። እዚህ ከተማ ላይ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል? መታወቂያው የገጠሩ ቀበሌ ነው፣ ፋይዳ ግን አውጥቷል።

---

ጡረተኛው

@የደሴ ሰው የገጠሩና የከተማው ለየብቻ ናቸው። የገጠሩ ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው፣ ተራቡ በሚባሉ ወረዳዎች፣ በዓመት የተወሰኑ ወራት በእህል ወይም በብር የሚሰጥ። ስሙ ከዚያ ወደዚህ በራሱ አይሻገርም። በከተማው ዕድሜያቸው የገፋ፣ አካል ጉዳተኛና የማይድን ሕመም ያለበት በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል፣ ነፍሰ ጡርና አራስም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ወጥተው እዚያ ይገባሉ። ስለዚህ በሁኔታቸው ብቁ ናቸው።

ችግርህ መታወቂያው ነው። ፋይዳ ማን እንደሆኑ ይናገራል፣ የት እንደሚኖሩ ግን የሚመሰክረው የነዋሪነት መታወቂያው ነው። ከገጠሩ ቀበሌ መሸኛ አምጣላቸው፣ በአንተ ቤተሰብ ቅጽ ላይ ይመዝገቡ። ዝርዝር የሚጠራው አዲስ ተጠቃሚ ሲመለመል ነው፣ በየቀኑ አይደለም፤ መሸኛውን ግን ምልመላ እስኪመጣ ሳትጠብቅ አሁኑኑ ጨርስ። ምልመላ በተጠራ ጊዜ ወረቀት ፍለጋ ገጠር የሚሮጥ ሰው ያልፈዋል።

ጎረቤቶችህ አባትህ ዓይናቸው እንደማያይ ይወቁ። ቤት ውስጥ ደብቀህ ካስቀመጥካቸው በስብሰባው ላይ የሚመሰክርላቸው አይኖርም።

---

የደሴ ሰው

እግዜር ይስጥልን ጋሼ። መሸኛው ላይ እኔ ወኪል ሆኜ መውሰድ እችላለሁ ወይስ እሱ ራሱ መሄድ አለበት?

---

ጡረተኛው

ውክልና ወይም የሕክምና ማስረጃ ይዘህ ሂድ፣ የሚያውቃቸው ሊቀመንበር ካለ አይከለክልህም። በስልክ ቀድመህ ጠይቅ፣ ሰውዬውን በሥራ ቀን ማግኘትም ዕድል ነው።

---

የኮልፌዋ (ጠያቂ)

ወፍጮ ቤቱን አነጋገርኩት! ክፍሉ አለ፣ ኪራዩ ላይ እየተከራከርን ነው። ጤፉን ግን በዱቤ ለመስጠት «መጀመሪያ ሁለት ወር እንይ» ብሏል። እማዬ ደግሞ ከሴፍቲኔት ጓደኞቿ ሁለቱን ለቡድን ዋስትናው አናግራለች፣ አንዷ ቅመም ትደልዛለች፣ አንዷ ጉሊት ናት። ሦስቱም አንድ ዕቁብ ናቸው።

@ሕግ ነክ ውሉን ከወፍጮ ቤቱ ጋር ስንፈራረም ውልና ማስረጃ መሄድ አለብን? ደግሞ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ነው የሚቀድመው ወይስ ንግድ ምዝገባው?

---

ሕግ ነክ

አዎ፣ ለንግድ ፈቃድ የሚቀርብ ውል ውልና ማስረጃ ይጸድቃል፣ ባለቤቱ ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ይቅረብ። የቤቱ ማስረጃ በማን ስም እንደሆነ ቀድመሽ እይ፤ ወፍጮ ቤቱ ራሱ ተከራይ ከሆነ ለሌላ ማከራየት እንደሚችል በውሉ ላይ መኖር አለበት፣ አለዚያ እዚያ ወረፋ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚያ ቲን፣ ከዚያ ንግድ ምዝገባ፣ መጨረሻ ፈቃዱ። ለቲኑ እናትሽ ራሳቸው ይሂዱ፣ አንቺ ልትወክያቸው አትሞክሪ።